መሣሪያውን ማን ይምረጥ? «ኤአይን በግድ አስጠቅሙ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙዎቻችን የተቀባበልነው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የፈጠራ ቡድኖችን ለረጅም ጊዜ የመሩ ሰው መሆናቸውን ይነግሩናል። መልእክታቸው አለቆች ዲዛይነሮቻቸውን፣ ጸሐፊዎቻቸውንና ቪዲዮ አቀናባሪዎቻቸውን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን፣ በተለምዶ ኤአይ የምንለውን፣ እንዲጠቀሙ ማስገደድ አለባቸው የሚል ነው። ለብዙ ሠራተኛ ጽሑፉን የላከለት የገዛ አለቃው ነው፤ ከሥሩም «አንብቡትና እንነጋገርበታለን» የሚል ቃል አለበት። በስብሰባ መሐል ለአለቃ መልስ መስጠት ለሁሉም አይቀልም። እኔ የማስታወቂያ ጽሑፍ በመጻፍና የባልደረቦቼን ረቂቅ በማረም የምተዳደር ሰው ነኝና ነጥብ በነጥብ ለመመለስ እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የባለሙያዎቹ ተቃውሞ ከፍርሃት የመጣ ነው ይላሉ፤ ፎቶግራፍ ሲመጣ ሠዓሊዎች፣ የምስል ማቀናበሪያው ፎቶሾፕ ሲመጣ በእጅ የሚሠሩ ዲዛይነሮች ፈርተው ነበር፣ የዛሬውም ያው ነው ባይ ናቸው። ቀጥለው መሣሪያው ጊዜ እንደሚቆጥብ፣ ሁለት ቀን የሚፈጅ ረቂቅ በደቂቃዎች እንደሚደርስ፣ «አልቆጠበልኝም» የሚል ሠራተኛ ካለም አጠቃቀሙን ያልተማረ እንደሆነ ይነግሩናል። ሦስተኛው ነጥባቸው ሰው በፈቃዱ ልማዱን ስለማይለውጥ ማስገደድ የግድ ነው የሚለው ነው፤ ማን ስንት ጊዜ እንደተጠቀመ ተቆጥሮ በሥራ አፈጻጸም ግምገማ ላይ ይግባ፣ ታላላቅ ኩባንያዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው ይላሉ። ደንበኛው ደግሞ ልዩነቱን አያውቅም፣ ቢያውቅም ግድ የለውም። በመጨረሻም መሣሪያው አሰልቺውን ሥራ ወስዶ ሐሳብ ማፍለቁን ለሰው ስለሚተው ባለሙያው ሊደሰት ይገባዋል።

የምስማማበትን ከወዲሁ ልናገር። ኤአይ ለምንም አይረባም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ድምፅ ሰምቶ መገልበጥ ድሮ ግማሽ ቀን ይበላ ነበር። ዛሬ መሣሪያው በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፤ ስሞቹንና ቁጥሮቹን ማመሳከር ብቻ ነው የሚቀረን። ያ የግልበጣ ጊዜ እንዲመለስ የሚመኝ ባልደረባ የለኝም። ጸሐፊው መሣሪያውን አንዴ እንኳ ሳይነኩት የሚያጣጥሉት አሉ ሲሉም ልክ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው አለ፣ የእኛንም ክርክር ያዳክምብናል። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ለሥራው ተጠያቂ የሆነው ሰው በምን እንደሚሠራው የመወሰን ሥልጣኑ ይወሰድበታል፤ ተጠያቂነቱ ግን እዚያው ትከሻው ላይ ይቀራል። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ሳነበው ይህ ጉዳይ አንድም ቦታ አልተነሳም።

ስለ ፍርሃቱ። እንጀራው የሚነካበት ሰው ቢፈራ አይገርምም፤ የፈራ ሰው የሚናገረው ሁሉ ሐሰት ነው የሚባለው ግን ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1839 የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ ይፋ ከሆነ በኋላ ትንንሽ የፊት ሥዕል በመሣል የሚተዳደሩ ሠዓሊዎች ገበያቸውን በእርግጥም አጥተዋል (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፈሩት የሚያስፈራ ነገር ስለነበረ ነው።

የፎቶሾፕ ምሳሌ ደግሞ የጸሐፊውን ክርክር የሚያፈርስ እንጂ የሚደግፍ አይደለም። ፎቶሾፕ በ1990 ወጣ፤ በ1994 ሦስተኛው ስሪት ሌየርን ይዞ መጣ። ሌየር ለዲዛይነር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ጀርባው ለብቻ፣ ሰውየው ለብቻ፣ ጥላው ለብቻ፣ ጽሑፉ ለብቻ ይቀመጣል፤ አንዱን ስታነሳ ሌላው አይነካም። ደንበኛ በመጨረሻው ሰዓት «ጥላው ይቅለል» ቢል ጥላውን ብቻ ታቀላለህ። ያ መሣሪያ የባለሙያውን እጅ አረዘመ፤ የወሰነውን ሁሉ መልሶ ሊወስንበት ቻለ። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ምስል የሚያወጣው መሣሪያ የሚሰጠን በአብዛኛው የዚህን ተቃራኒ ነው። ውሳኔዎቹ ሁሉ ተወስነው፣ አንድ ላይ ተጣብቀው ይመጣሉ። ሁለቱን «አዲስ ቴክኖሎጂ» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ ማለፍ በሥራው ላይ የሚያመጡትን ልዩነት መሸፈን ነው።

ይህ ወደ ጊዜ ቁጠባው ይወስደኛል። አንድ አለቃ ለፖስተር የሚሆን ምስል በመሣሪያው አሠርቶ «ይኸው አልቋል፣ ጽሑፉን ብቻ ጨምሩበት» ብሎ ለቡድናችን ላከ። ምስሉ በስልክ ሲታይ ያምራል። አንዲት ሴት መስኮት አጠገብ ቁጭ ብላ ታነባለች፣ ጠረጴዛዋ ላይ የደንበኛው የንባብ መብራት አለ። ደንበኛው አየውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ መብራቱ ትንሽ ወደ ግራ ይጠጋ። ዲዛይነራችን ፋይሉን ስትከፍተው አንድ ወጥ ምስል ሆኖ አገኘችው። መብራቱን ቆርጣ ስታነሳው ከሥሩ ጠረጴዛ የለም፣ ባዶ ነው። ብርሃኑ በቀኝ በኩል ካለው መስኮት እየገባ የመብራቱ ጥላ ደግሞ ወደዚያው ወደ ቀኝ ወድቋል። ቀረብ ብላ ስታየው መብራቱ ራሱ የደንበኛው መብራት አይደለም፤ ይመስለዋል እንጂ ማብሪያው ያለው በተሳሳተው ጎን ነው። ለትልቅ ሕትመት የሚበቃ ጥራትም የለውም። በመሣሪያው ደግማ ስታሠራው መብራቱ ወደ ግራ ሄደላት፣ ሴትዮዋ ግን ሌላ ሴት ሆነች። መጨረሻ ላይ እውነተኛውን መብራት አስመጥታ፣ ፎቶ አንስታ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ሠራችው።

አሁን የጊዜ መዝገቡን እንይ። «ምስል ዝግጅት» በሚለው ረድፍ ላይ የአለቃው ደቂቃዎች ተጻፉ። የእሷ ቀናት የገቡት «ማስተካከያ» በሚለው ረድፍ ነው። በወሩ ሪፖርት ላይ ምስል ዝግጅት በእጅጉ ፈጥኗል፣ ማስተካከያ ደግሞ ረዝሟል፤ ከዚህ የተወሰደው ትምህርት የዲዛይን ቡድኑ በማስተካከያ ላይ ቀርፋፋ ነው የሚል ሆነ። ጸሐፊው «ሁለት ቀን በደቂቃዎች» ሲሉ የትኛውን ረድፍ አይተው እንደሆነ አይነግሩንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በእኛ ሥራ ግን አፍሳሹ ሌላ፣ ለቃሚው ሌላ ሰው ነው። አፍሳሹም ሲለቀም ስለማያይ ጊዜ የቆጠበ ይመስለዋል።

ጥናት ይቅረብ ለሚል አንባቢ ለእሳቸው ከሚያግዘው ልጀምር። በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የኖይና የዣንግ ጥናት 453 ባለሙያዎችን አጫጭር የሥራ ጽሑፎች አስጽፎ፣ ቻትጂፒቲን የተጠቀሙት 40 በመቶ ያህል ፈጥነው፣ የጥራት ነጥባቸውም 18 በመቶ ጨምሮ አግኝቷል። ይህን አልክድም፤ ለአጭር የጋዜጣ መግለጫ ወይም ለተለመደ ኢሜይል የእኔም ተሞክሮ ከዚህ አይርቅም። ነገር ግን በፈተናው ላይ የደንበኛ አስተያየት የለም፣ የቀደመ ዘመቻ የለም፣ ሦስተኛ ዙር እርማት የለም። ሥራው ከነታሪኩ ሲመጣ ምን ይሆናል? ሜትር የተባለው የምርምር ተቋም በ2025 ባወጣው ጥናት 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች ለዓመታት በሚያውቁት ኮድ ላይ 246 ሥራዎችን ሠሩ። ከመጀመራቸው በፊት ኤአይ 24 በመቶ ጊዜ ይቆጥብልናል ብለው ገመቱ። ከጨረሱም በኋላ 20 በመቶ ቆጥቦልናል አሉ። ሲለካ ግን መሣሪያው በተፈቀደላቸው ሥራ ላይ 19 በመቶ ዘግይተዋል። ፕሮግራመር ዲዛይነር አይደለም፣ የተሳተፉትም ጥቂት ናቸው፣ መሣሪያዎቹም እየተለወጡ ነው። እኔን የያዘኝ ሌላው ነገር ነው፤ በገዛ እጃቸው የሠሩት ባለሙያዎች እንኳ ዘግይተው ሳለ የፈጠኑ መስሏቸዋል። ሠሪው ይህን ያህል ከተሳሳተ፣ ከስብሰባ ክፍል ሆኖ የሚገምተው አለቃ ግምቱን እንደ ማስረጃ ሊያቀርብልን አይገባም።

ጽሑፍ ላይ ደግሞ አደጋው የሚብሰው የመሣሪያው ዓረፍተ ነገር ስለሚፈስ ነው። የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጹ ሲኔት ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚያብራሩ ጽሑፎችን በኤአይ ሲያዘጋጅ ነበር። በጥር 2023 ሌሎች ስሕተት ጠቆሙት፤ 77ቱን መርምሮ በ41ዱ ላይ እርማት አወጣ። አንደኛው ጽሑፍ 10,000 ዶላር በዓመት 3 በመቶ ወለድ ብታስቀምጥ በዓመቱ መጨረሻ 10,300 ዶላር ታተርፋለህ ይል ነበር። ትርፉ 300 ነው፤ 10,300 ከነዋናው ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግን ሰዋስው አልሳተም፣ ቃሉም አልሻከረም። ጀማሪ ሲጽፍ የማያውቅበት ቦታ ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አራሚውም እዚያ ላይ ይቆማል። ይህኛው እኩል ልስልስ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል መጠራጠር አለብህ፤ ሁሉን እየተጠራጠሩ ማንበብ ደግሞ ራስ ከመጻፍ የሚያደክምበት ጊዜ ብዙ ነው። እነዚያን ጽሑፎች ሳይታተሙ በፊት ሊመለከቱ የተመደቡ ሰዎች ነበሩ። ስሕተቱ ግን ከእነሱም ዓይን አመለጠ።

ከሁሉ የማልቀበለው ግን ማስገደዱን ነው። በአንድ ወቅት በየሳምንቱ የምንሞላው ቅጽ ነበር። «ኤአይን ስንት ጊዜ ተጠቀሙ? ለየትኛው ሥራ? ስንት ሰዓት ቆጠበልዎ?» ይላል። «ጊዜ ወሰደብኝ» ብሎ የሚሞላበት ቦታ የለም፤ የተቆጠበው ሰዓት የሚጻፍበት ሳጥን ከዜሮ በታች ቁጥር አይቀበልም። ታዲያ ሰው ምን አደረገ? ሥራውን በራሱ መንገድ ይጨርሳል፣ ከዚያ መሣሪያውን ከፍቶ ያለቀውን ጽሑፍ ይለጥፍና «አሻሽልልኝ» ይላል፣ መልሱን ሳያነብ ይዘጋል፣ ቅጹ ላይ አንድ ብሎ ይመዘግባል። ቁጥሩ በየሳምንቱ ወደ ላይ ወጣ። በቁጥሩ ተመሥርቶ ተጨማሪ የመሣሪያው መጠቀሚያ ፈቃድ ተገዛ። ባልደረቦቼ ሐቀኛ ሰዎች ናቸው፤ ሐቁን የሚጽፉበት ቦታ ያልሰጣቸው ቅጹ ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 እንዳመለከተው አንድን መለኪያ ለመቆጣጠሪያ ስታውለው መለኪያነቱ ይፈርሳል። ጸሐፊው ግን ይህንኑ ቆጠራ የደመወዝና የዕድገት መነሻ እናድርገው እያሉን ነው።

ታላላቆቹ ኩባንያዎች አድርገውታል የሚለውም ሙሉ ታሪኩ አልተነገረም። በሚያዝያ 2025 የበይነ መረብ ንግድ ኩባንያው የሾፒፋይ ሥራ አስኪያጅ ለሠራተኞቹ የላከው ማስታወሻ የኤአይ አጠቃቀም በግምገማ እንደሚካተት፣ ተጨማሪ ሰው የሚጠይቅ ቡድንም ሥራው በኤአይ የማይሠራበትን ምክንያት ማሳየት እንዳለበት ይገልጻል። ይህን ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰዋል። በዚያው ወር የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያው የዱዎሊንጎ ኃላፊ ተመሳሳይ ማስታወሻ አወጣ፤ ከተጠቃሚዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጠመውና ብዙም ሳይቆይ ኤአይ ሠራተኞቻችንን ይተካል ብዬ አላስብም ብሎ ቃሉን አለዘበ። የክፍያ አገልግሎት ኩባንያው ክላርና በ2024 መጀመሪያ የኤአይ ረዳቱ የ700 የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞችን ሥራ እንደሚሠራ አስነገረ፤ በ2025 ደግሞ ኃላፊው ጥራቱ መጓደሉን ተናግሮ ሰው መቅጠር ጀመረ። እነዚህ ሁለቱ በጽሑፉ የሉም። ማስታወሻ መውጣቱ ደግሞ ሥራው መሻሻሉን አያረጋግጥም፤ ማስታወሻ መውጣቱን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው።

ካላስገደድካቸው አይለወጡም ለሚለው አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ2023 ፎቶሾፕ ውስጥ የምስልን ጎደሎ ቦታ በኤአይ የሚሞላ መሣሪያ ገባ። በአግድም የተነሣን ፎቶ ወደ ቁመት ለመለወጥ ከላይና ከታች ሰማይና መሬት መጨመር ዲዛይነሮቻችንን ያማርር ነበር። ማንም ሳያዝዛቸው ተማሩት፣ እርስ በርስ ተማማሩት፣ ዛሬም ይጠቀሙበታል። ቅጽ አልሞሉበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የት ላይ፣ ምን ያህል እንደሚሞላ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፣ ውጤቱም በሌየር ለብቻው ይቀመጣል፣ ካልወደዱት ይጥሉታል።

በፈቃድ የሚሠራ ሥርዓት ሊኖር እንደሚችልም በወረቀት ላይ የሰፈረ ማስረጃ አለ። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች ማኅበር በ2023 ለ148 ቀናት ሥራ አቁሞ ያገኘው ስምምነት ኤአይን አላገደም። የፊልም ጸሐፊው ከፈለገና አሠሪው ድርጅት ከፈቀደ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ድርጅቱ ግን ጸሐፊውን ተጠቀም ብሎ ማስገደድ አይችልም፣ በኤአይ የተዘጋጀ ነገር ለጸሐፊው ሲሰጥም ይህንኑ መግለጽ አለበት። ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ኢንዱስትሪ ይህን ፈርሞ ሠርቶበታል። ያ የመግለጽ ግዴታ ብቻ እንኳ በእኛ ቤት ቢኖር ዲዛይነራችን የመብራቱን ምስል ገና ስትቀበል ምን እንደያዘች ታውቅ ነበር።

ደንበኛው ግድ የለውም ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። አንዳንዱ እውነት ግድ የለውም፤ ለአንድ ቀን ለሚለጠፍ ምስል ማንም ደንበኛ ብርሃኑ ከየት መጣ አይልም። ይህን እቀበላለሁ። የራሱን ምርት በተሳሳተ ቅርጽ ያየው ደንበኛ ግን ግድ ነበረው። ለዓርማ ወይም ለመለያ ገጸ ባሕርይ የከፈለ ደንበኛም «የማን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በየካቲት 2023 ስለ አንድ የኮሚክ መጽሐፍ ሲወስን ለጽሑፉና ለአቀማመጡ ጥበቃ ሰጥቶ በኤአይ ለወጡት ምስሎች ከልክሏል። በጥር 2025 ባወጣው ሪፖርትም ለኤአይ ትእዛዝ መጻፍ ብቻውን ሰውን የሥራው ደራሲ እንደማያደርገው አስታውቋል። ደንበኛው ሌላ ሰው እንዳይቀዳው የሚፈልገውን ነገር እንዲህ ባለ ምስል ማስረከብ ዋጋው ኋላ የሚመጣ ዕዳ ነው። ምስጢሩስ? ሳምሰንግ በ2023 ሠራተኞቹ የውስጥ ኮድ ወደ ቻትጂፒቲ ማስገባታቸውን ደርሶበት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን አግዶ ነበር። ያልወጣ ዘመቻ በእጁ ያለ ባለሙያ «አላስገባም» የማለት መብት ከሌለው የደንበኛውን አደራ ማን ይጠብቅ?

የመጨረሻው ነጥባቸው፣ አሰልቺው ለመሣሪያው፣ ሐሳቡ ለሰው የሚለው፣ ቢሆን ደስ ባለኝ። በተግባር የሚታዘዘው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ረቂቁን፣ የመጀመሪያውን ንድፍ፣ ርእሱን መሣሪያው ያውጣው ይባላል። ለሰው የሚቀረው ማጽዳት፣ ማመሳከር፣ ጥላ ማስተካከል ነው። አሰልቺው የቱ ነው? ሐሳብ ቀድሞ በጭንቅላት አልቆ ኋላ የሚጻፍ የሚመስለው ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው። ለእኔ ጥሩው ርእስ የሚመጣው መጥፎዎቹን ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ምርቱ በእውነት ለማን እንደሚጠቅም መጻፍ አቅቶኝ ደንበኛው ዘንድ ደውዬ ስጠይቅ ነው። ረቂቁ ተዘጋጅቶ ከመጣ ያ ስልክ አይደወልም።

በ2024 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ የዶሺና የሃውዘር ጥናት ይህን በከፊል ያሳያል። ከኤአይ ሐሳብ ተቀብለው አጭር ልቦለድ የጻፉ ሰዎች ሥራቸው በተናጠል ሲታይ የተሻለ ነጥብ አግኝቷል፤ በተለይ በፈጠራ ደከም ያሉት ተጠቅመዋል። ሥራዎቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ለአንድ ሰው ትርፍ ነው። ከሌላው ተለይቶ ለመታየት ለሚከፍል ደንበኛ ግን የሸጥንለት ነገር ምንድን ነው?

ጀማሪዎቹን ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሳቸውም። ከመሣሪያው ከሚወጡ አሥር ርእሶች አንዱን ለመምረጥ ዓይን ያስፈልጋል፤ ዓይኑ የሚገኘው መቶ መጥፎ ርእስ ጽፎ፣ ለምን መጥፎ እንደሆኑ ተነግሮ ነው። አሁን የሚቀጠሩት ልጆች ያንን ዕድል ሳያገኙ በቀጥታ አራሚ ይሆናሉ። አንዲት ጀማሪ ባልደረባዬ በመሣሪያው የወጡ ሁለት ርእሶችን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የቱ እንደሚሻል ግን በምን ልወቅ?» ብላ ጠየቀችኝ። ላስረዳት ሞከርኩ፤ ራሷ ጽፋ ባልወደቀችበት ነገር ላይ ማስረዳቴ ብዙም አልያዘላትም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በእጅሽ ጻፊ፣ መሣሪያውን ከዚያ በኋላ ክፈቺ እላታለሁ። በቅጹ ስሌት እሷ ዝቅተኛ ተጠቃሚ ናት።

ጸሐፊው በዚሁ ጉዳይ ሌላ ጽሑፍ እንደሚያወጡ ተናግረዋል። ከዚያ በፊት ከሚመሩት ቡድን አንድ ያለቀ ሥራ እንዲወስዱ፣ ከደንበኛው ትእዛዝ እስከ ርክክብ ያለውን ሰዓት ማስተካከያውን ጨምረው እንዲደምሩ፣ ድምሩንም ለመጨረሻ ጊዜ ፋይሉን ለዘጋው ሰው አሳይተው ልክ መሆኑን እንዲጠይቁ እለምናቸዋለሁ። ሥራው ፈጥኖ፣ ሰውየውም «አዎ» ብሎ ከተገኘ እንዴት እንደሠሩት ይጻፉልን፤ እኔ ራሴ ለቡድኔ አነብላቸዋለሁ።